አራት ጣት

ባለፈው እሑድ ልጄ ስልክ ያለ ገመድ የሚሞላ ሳህን መሳይ ነገር ከጉርድ ሾላ ገዝታልኝ መጣች። ስልኬን ጠርዙ ላይ ጣል ባደርገው አልሞላ አለኝ። «አባዬ፣ ጠጋ አድርገው እንጂ! ስልኩና ሳህኑ ውስጥ ያሉት የሽቦ ጥቅሎች ካልተቀራረቡ አይሠራም» አለችኝ። ሰብለ ትዝ አለችኝ።

የካ ሚካኤል ጎረቤታሞች ነበርን፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። እወዳት ነበር፤ ነግሬያት ግን አላውቅም። ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ቀን ብልጭታ አየር ላይ የሚረጭ ትራንስፎርመር እንሥራ አለችኝ። ሾላ ገበያ ካለ ሞተር ጠጋኝ የለመነችውን ቀጭን የመዳብ ሽቦ ቧንቧ ላይ ዘጠኝ መቶ ዙር በጣቷ ጠመጠመችው። መስከረም በዚሁ አለቀ። የእኔ ድርሻ ከሥር የሚቀመጠው ወፍራሙ ጥቅል ነበር፤ ስምንት ዙር! የቀረውን ጊዜ የበቆሎ እሸት ስጠብስላት ከረምኩ።

«መሀላቸው አራት ጣት ይኑር» ትለኝ ነበር። «ከራቁ ጉልበቱ አይተላለፍም። ከተጠጉ ደግሞ ብልጭታው በራሱ ሽቦ ላይ ሮጦ ያቃጥለዋል።»

አባቷ ጋሽ ወርቁ ከመልቀቂያ ፈተናው በኋላ ክፍለ ሀገር አጎቷ ሱቅ ሊልኳት ቆርጠው ነበር። ስትለምናቸው፣ «እስቲ ይሄ ነገርሽ ይሥራና ዩኒቨርሲቲሽን አልከለክልም» አሏት።

ቀኑ ደረሰ። ከእንጦጦ የሚወርደው የጥቅምት ብርድ ጣት ያደነዝዛል። እሷ አባቷን ልትቀበል በር ላይ ሳለች እኔ ሞከርኩት። የወጣችው ብልጭታ የአውራ ጣት ያህል ናት። በዚህች ጋሽ ወርቁ ይስቃሉ ብዬ ሰጋሁ፤ የፊዚክስ መጽሐፌን ከታችኛው ጥቅል ሥር አስገብቼ ወደ ላይኛው አስጠጋሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሰብለ አባቷን አጠገቧ አቁማ ማብሪያውን ተጫነች። ብልጭታው ሽቦው ላይ ተርመሰመሰ፤ ጭስ ወጣ፤ ዘጠኝ መቶው ዙር ከሰለ። እሷ ማብሪያውን አጥፍታ ጣቶቿን በሁለቱ ጥቅሎች መሀል ከተተች። ሁለት ብቻ ገቡ። ቀና ብላ አየችኝ።

«በይ እንሂድ» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«እኔ ነኝ ያስጠጋሁት» ማለት ነበረብኝ። መጽሐፌን ብቻ ከሥር መዝዤ ያዝኩ። እሷም አላጋለጠችኝም። ከፈተናው በኋላ ወደ አጎቷ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ብዙ ነገር አጥፍቼ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ይሄኛው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ልጄ ስልኩን ራሷ አስተካክላ አስቀመጠችውና ፊቴን አየችው። «አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

«ምንም» አልኳት።