የእርቁ ጉርሻ

ሞጣ ያሉትን የልጄን አማት አንቱ እያልኩ የምጽፈው ለዕድሜያቸው ስል ነው፤ ለእሳቸውማ አንቺም ይበዛባቸዋል።

ልጄ ተልባ አይስማማትም። ቢቸና እኛ ቤት ሳለች፣ ገና በልጅነቷ፣ ተልባ በቀመሰች ቁጥር ከንፈሯን ያሳክካትና ያብጥ ነበር። እናቷ፣ ነፍሷን ይማር፣ ተልባ የሚባል ነገር ከቤታችን አስወጣች፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። የሕመሙን ስም የሚነግረን አልነበረም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ሞጣ ስትዳር ግን ነገሩ ጠብ ሆነ። ጦም በገባ ቁጥር አማትየዋ ተልባ ፍትፍት ያቀርባሉ፣ እሷ አይስማማኝም ብላ እጇን ትሰበስባለች። "የቢቸናዋ እመቤት እህላችንን ተጠየፈችው" እያሉ ለጎረቤት ያወራሉ። ባለፈው ፍልሰታ ጭራሽ ልጃቸውን "ወይ እሷን ወይ እኔን" ብለው ያዙት። ትዳሩ ሊፈርስ ሆነና ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እኔም በሚኒባስ ሄድኩ።

ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ሰምተው አስታረቁ። በእኛ አገር የታረቁ ሰዎች ከአንድ ትሪ ካልበሉ ቂሙ ወጣ አይባልም። ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ሽሮ ቀረበ። ልጄ ጎንበስ ብላ፦

"እማማ፣ ተልባ የለበትም አይደል?" አለቻቸው።

"ኧረ ወዲያ! ሽሮም አታውቂ? እንኪ፣ ከእጄ ብዪ!"

ትልቅ ጉርሻ አጎረሷት። ሽማግሌዎቹ "እሰይ! እሰይ!" አሉ። ልጄ ውሃ ጠየቀች። ወዲያው አንገቷን ማከክ ጀመረች፤ ፊቷ አብጦ ተድበለበለ፣ ድምጿ ተዘጋ፣ ትንፋሿ ሲር ሲር አለ።

"ይኸው ጀመራት" አሉ አማትየዋ። "አባቷ ፊት ሲሆን ደግሞ ይብስባታል።"

አንዱ ሽማግሌ "ምች ነው፣ ዳማከሴ አምጡ" አለ። ባሏ ማንንም ሳይሰማ አንስቷት ወጣ፤ ደጅ በቆመ ባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት።

ነርሷ ጭኗ ላይ መርፌ ወጋቻት፣ ኦክስጅን አደረገችላት። ከዚያ "ምን በላች?" አለች።

"ሽሮ" አልኩ።

"ሽሮ ብቻ?"

አማትየዋ ተከትለውን መጥተው ነበር። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው "ትንሽ ተልባ አድርጌበታለሁ" አሉ። "ውሸቷን ላጋልጥ ብዬ ነው። ሳታውቅ ከበላች ምንም አትሆንም ብዬ።"

ነርሷ ዞር ብላ አየቻቸው። "እማማ፣ ይኼ አለርጂ ነው። ለእርስዎ ምግብ ነው፤ የእሷ ሰውነት ግን ጠላት የገባበት ይመስለዋል። ልከላከል ብሎ ሲነሳ ራሷን ያሳብጣታል፣ ጉሮሮዋን ይዘጋል፣ የደም ግፊቷን ይጥላል። ብታውቅም ባታውቅም ለውጥ የለውም። ትንሿም ልትገድላት ትችላለች።"

"እኛ ዘላለም ስንበላው ምን ሆንን?"

መልሳቸው ይኸው ነበር። እንዴት ናት፣ ትተርፋለች ወይ፣ አላሉም።

ሊመለስባት ይችላል ተብሎ እዚያው አደረች። ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጡ። "ሴትዮዋ ባለማወቅ ነው፤ ሌላ ማዕድ እናቅርብና እርቁን እናጽና" አሉኝ።

በዕድሜዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላደረግሁ። "ያላወቁት የበሽታውን ስም ነው" አልኳቸው። "እንደማይስማማት ነግራቸዋለች፣ ደብቀው አበሏት። ከእንግዲህ ልጄ ከእጃቸው ውሃ አትጠጣም።"

ልጄ ድምጿ ገና ሻካራ ነበር። ባሏን አየት አድርጋ "ካንተ ጋር ጠብ የለኝም። የእናትህ ምድጃ ግን በቃኝ" አለችው።

"ለብቻችን ቤት እፈልጋለሁ" አለ ባሏ።

አሁን እዚያው ሞጣ ለብቻቸው ተከራይተው ይኖራሉ። እኔን የንስሐ አባቴ "ይቅር በል" ይሉኛል። እሺ አባቴ እላለሁ፤ ሆዴ ግን እሺ አላለም። ልጄ ከእኔ ትሻላለች፤ አማቷ ሲመጡ ተነስታ ትቀበላቸዋለች፣ ወንበር ትስባለች። ይዘው የመጡትን ምሳ ዕቃ ግን ሳትከፍተው፣ ሲሄዱ መልሳ ታስይዛቸዋለች።