እንግዳ ያጣው ድረ ገጽ

ጓደኛዬ ድረ ገጽ ስትከፍት የመጀመሪያዋ ጎብኚ እኔ ነበርኩ። ለብዙ ጊዜም ሌላ ጎብኚ አልነበራትም።

በቤት ሠራተኝነት የምንሠራው ሳውዲ ዐረቢያ ውስጥ በሁለት እህትማማቾች ቤት ነው፤ እኔ ጂዛን ከተማ፣ እሷ አጠገቡ አሐድ አል-መሳርሐ። ማዳሞቻችን አርብ አርብ ስለማይለያዩ እነሱ ሳሎን ሲሰባሰቡ እኛ ማድ ቤት እንገናኛለን። ጓደኛዬ ወሎ ሳለች ኮሌጅ ገብታ ኮምፒውተር ተምራለች፤ ይህንንም ሰው እንዲረሳባት አትፈልግም። ድረ ገጹን በስልኳ ነው የሠራችው። ሐሳቡ ደግ ነበር፦ አዲስ ለሚመጡ እህቶች የማድ ቤት ዐረብኛና የጂዛን ምግብ አሠራር ማስተማር። ሙገሽ ስለሚባለው፣ በድንጋይ ድስት ስለሚበስለው ሥጋ የጻፈችውን ሳነብ እኔ ራሴ ምራቄን ውጫለሁ። ችግሩ ከእኔ በቀር ምራቁን የዋጠ አልነበረም።

"ዛሬ ገብተሻል?" ትለኛለች ደውላ።

"ትናንት ገብቼ ነበር እኮ።"

"ትናንትማ አለፈ።"

አንድ ሳምንት ስልኬ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ሲበላሽ ድረ ገጹ ጭር አለ። አርብ ስንገናኝ ሰላምታዋ ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ ሱቋን የዘጋሁባት ያህል።

በኋላ አንድ ነገር አንብባ መጣች። "ለካ ሌሎች ገጾች ወደ እኔ ካልጠቆሙ ማንም አያገኘኝም" አለችኝ። "ዋናው ሊንክ ነው። እንግዳ ቤቱን የሚያውቀው ጎረቤት ሲጠቁመው ነው።"

እውነቷን ነው። ጥቆማውን የፈለገችበት መንገድ ግን ሌላ ነበር። ያገኘችው ጽሑፍ ሥር ሁሉ ሊንኳን መለጠፍ ጀመረች፤ ሠርግ አትል፣ ስብከት አትል፣ የዝናብ ወሬ አትል። አንድ ቀን የማታውቃቸው ሰዎች የአባታቸውን መርዶ በለጠፉበት ሥር "ነፍስ ይማር። የሙገሽን አሠራር እዚህ ያገኙታል" ብላ ጻፈች። ሐዘንተኞቹ ወዲያው ዘጉባት።

"ምን አጠፋሁ? ነፍስ ይማር ብያለሁ እኮ" አለችኝ ከልቧ አዝና።

ቀጥሎ ልውውጥ መጣ። አዲስ አበባ ያገለገለ ጎማ የሚሸጥ ሰው "አንቺ የእኔን ሊንክ አድርጊ፣ እኔ ያንቺን አደርጋለሁ" አላት፤ ተስማማች። በእርግጥም ከጎማው ገጽ አንድ እንግዳ መጣ። ለጭነት መኪና የሚሆን የኋላ ጎማ እንዳላት ጠየቃት። መልሷን አሳየችኝ፦ "ወንድሜ፣ ለጊዜው የለንም።"

"ለጊዜው?" አልኳት።

"እንግዳ እንዴት በባዶው ይመለሳል?"

ነገሩ የተቃናው አንድ አርብ ዕቃ እያጠብን ስንጫወት ነው። መጀመሪያ የመጣች ሰሞን የሆነውን ነገረችኝ፦ ማዳሟ ከሳሎን "ጂቢ ሞያ" ብላ ትጣራለች። ውኃ አምጪ ማለት ነው። ጓደኛዬ ግን የሰማችው ጅብና ሞያን ነው። ሞያሽ የጅብ ነው የተባለች መስሏት መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች። ማዳሟ ጠብቃ ጠብቃ፣ ጥሙ ሲጠናባት ራሷ ተነሥታ ቀድታ ጠጣች።

በሳቅ የያዝኩትን ትሪ ለቀቅኩት። "ይህን ጻፊው!"

"ድረ ገጹ የቁም ነገር ነው።"

"ቁም ነገሩን ማን አነበበልሽ?"

በሳምንቱ ታሪኩ ወጣ፤ ባለታሪኳ ግን "አንዲት ጓደኛዬ" ሆናለች። እዚህ አገር ከእኔ ሌላ ጓደኛ እንደሌላት ደግሞ የሚያውቀን ሁሉ ያውቃል።

በዚህ ጊዜ የትም አልለጠፈችውም። አዲስ አበባ ሆና ወደ ዐረብ አገር ለሚጓዙ ሴቶች ምክር ለምትጽፍ ሴትዮ መልእክት ላከችላት፤ "እህቴ፣ ገጽሽ ላይ የማድ ቤት ቃላት አላየሁም። ይህ ለአንባቢዎችሽ ከጠቀመ ተመልከችው" ብላ። ሴትዮዋ አንብባ ስቃ ሊንኩን ገጿ አናት ላይ አደረገችው። ከእሷ ሌሎች ወሰዱት። በጅቡ ሊስቁ የመጡት ለሙገሹ ቆዩ፤ የራሳቸውን ጉድ የሚጽፉም በዙ። ጓደኛዬ ጎማ ሻጩን አመስግና ሸኘችው።

ከእንግዶቹ አንዷ ከአል-ዓሪዳ ነበረች፤ ከእኛ ብዙ በማይርቅ ተራራ ላይ፣ ፍየል ከሚያረባ ቤተሰብ ጋር የምትኖር። በአካባቢዋ ሌላ ሐበሻ አላየችም። "ዐማርኛ ካወራሁ ቆየሁ፤ ያንቺን የማነበው ድምፄን አውጥቼ ነው" ብላ ጻፈች። ጓደኛዬ ይህን አንብባልኝ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፤ ሁለታችንም መሳቅ አልቻልንም።

ሙቀቱ በረድ ሲል ማዳሞቻችን ንፋስ ለመቀበል ወደ አል-ዓሪዳ ወጡ፤ እኛንም ይዘውን ሄዱ። ጓደኛዬ ማዳሟን ለምና ከዚያች አንባቢዋ ቤት ደጃፍ አስቆመቻቸው። ሴትዮዋ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጣች፤ አቅፋ ሳመችንና ማውራት ጀመረች። ስለ አገሯ፣ ስለ ጥርሷ ሕመም፣ ልትወልድ ስለደረሰች ፍየል፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። እኛን ስለ ጤናችን ጠይቃ መልሱን ሳትሰማ ቀጠለች። ሰው የማታስወራው ጓደኛዬ አንድ ቃል ጣልቃ ማስገባት አቅቷት እጇን ይዛ ታዳምጣለች።

የእኔ ማዳም ከመኪናው "ያላ፣ እንሂድ" አለች። የጓደኛዬ ማዳም ግን የሴትዮዋን ፊት አየችና "ኸላስ፣ በቃ ተያቸው፤ ትጨርስ" ብላ ሞተሩን አስጠፋች።

አሁን የአል-ዓሪዳዋ ሴት ድረ ገጹ ላይ ስለ ፍየሎቿ ትጽፋለች። እንግዳው ሁሉ ወደ እሷ ጽሑፍ ነው የሚሄደው። ጓደኛዬ "ሰው የፍየል ነገር ይወዳል" ትላለች፣ ትንሽ ቆጣ ብላ። ግን የሴትዮዋ አዲስ ጽሑፍ በመጣ ቁጥር ከራሷ ጽሑፍ በላይ፣ ከሁሉ ቀድሞ በሚታየው ቦታ የምታስቀምጠው እሷው ናት።