ሁልጊዜ በዓል የነበረበት መስኮት

ከአሰበ ተፈሪ የወጣሁት እጄን ሒና ተቀብቼ ነው። ክርስቲያን ሆኜ ሒና የተቀባሁት ሚኤሶ ሰርግ ልሄድ ነው ስላልኩ ነበር፤ ሰርግ የሚባል ግን አልነበረም። የቀበሌው ጸሐፊ በይለፍ ወረቀቱ ላይ ሦስት ቀን ብሎ ሲጽፍልን፣ ጓደኛዬ ሩቂያ ለሰርግ ሦስት ቀን ምን ይሆናል፣ አምስት አድርገው ብላ ተከራከረችው። ኋላ ለምን እንደተከራከረች ስጠይቃት፣ የማይመለስ ሰው ስለ ቀን እንደማይጨቃጨቅ ጸሐፊው ስለሚያውቅ ነው አለችኝ።

ሩቂያ በአንድ አጥር የምንኖር ጎረቤቴ ናት። አባቷ ጫት ይነግዳሉ፤ እኔ አባቴ ትቶልኝ በሞተው የስፌት መኪና ልብስ እሰፋ ነበር። እሷ የምትሸሸው የአብዮት ጥበቃ ጓዶቹ አዛዥ ካላገባኋት ብሎ ቤተሰቡን መግቢያ መውጫ ስላሳጣ ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ታስሬ ከወጣሁ በኋላ በየዓርቡ ቀበሌ እየሄድኩ እፈርም ነበር። የታሰርኩበትን ምክንያት ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

የወጣነው ከሰዓት በኋላ፣ ሽንኩርት በጫነ መኪና ነው። እናቴ ደጅ አልወጣችም። ሰርግ የሚሄድን ሰው ቆሞ የሚያለቅስለት የለምና ጎረቤት እንዳይጠረጥር ግቢ ውስጥ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር፤ ዓይኗ ቢያነባም በበርበሬው ይሳበባል። የሩቂያ እናት ከበር ላይ ሆነው፣ ማታ እንደሚመለስ ሰው፣ በኦሮምኛ "ናጋቲ"፣ ደህና ዋሉ፣ ብለው ሸኙን።

ኬላው ላይ ወታደሩ ወረቀታችንን አገላብጦ አየና ሙሽራው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ሩቂያ አፏ ያመጣላትን ስም ሰጠችው።

"ሀብታም ነው?" አላት።

"ሀብታም ቢሆን በሽንኩርት መኪና ያስመጣን ነበር?"

ሳቀና ገመዱን አወረደልን።

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም፤ ከእኔ በባሰ መንገድ የመጡ ብዙዎች ስላሉ። ከሚኤሶ በባቡር ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ከግመል ነጂዎች ጋር በእግር ወደ ጅቡቲ። ሩቂያ ሁለት የእግር ጥፍሮቿን እዚያው አሸዋ ላይ ትታ ሄደች። ጅቡቲ ሦስት ዓመት የፈረንሳዮች ልብስ አጠብን፤ ከዚያ ካናዳ ያሉ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስማችንን ከዝርዝር ውስጥ አውጥተው እኛ እንቀበላቸዋለን አሉ።

ወረቀታችንን የሚሞላው ሰውዬ በአስተርጓሚ የተወለድኩበትን ቀን ጠየቀኝ። ማሽላው እሸት ሲይዝ፣ በሚካኤል ማግስት እንደሆነ እናቴ የነገረችኝን ነገርኩት። ብዕሩን ከወረቀቱ በላይ ይዞ ትንሽ ጠበቀ፤ ሌላ ነገር እንደማልጨምር ሲያይ ጃንዩወሪ አንድ ብሎ ጻፈ። ሩቂያም ቀኗን አታውቅም፤ ለእሷም ጃንዩወሪ አንድ ሰጣት። ዓመቱም ገጠመ። ቀና ብሎ አየንና "መንታ ናችሁ?" አለ።

"አሁን እርስዎ ወለዱን እኮ" አለችው ሩቂያ። አስተርጓሚው ይህን አልተረጎመውም።

ዊኒፔግ የምትባለው የካናዳ ከተማ የገባነው በኅዳር ነው። ብርዱን ከምን ጋር ላወዳድርላችሁ? የአሰበ ተፈሪ ውርጭ ጠዋት ይመጣል፣ ፀሐይ ስትወጣ አፍሮ ይሄዳል። እዚህ ፀሐይዋ ራሷ ወጥታ ትበርዳለች። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ደግሞ ይጨልማል። መንገዳችን ላይ ያሉት ቤቶች ሁሉ ካንድ እናት የተወለዱ ይመስላሉ፤ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ባለ ሦስት ደረጃ፣ ሁሉም በበረዶ የተቀበሩ።

ፎቁን ያከራዩን ምድር ቤት የሚኖሩ ባልቴት ናቸው፤ ሚስስ ስቴፋ ይባላሉ። በልጅነታቸው ከዩክሬን የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ራቅ ራቅ ብለው የሚኖሩ ሴት ነበሩ። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሴት "ዩ" ብሎ መጥራት ለብዙ ሳምንት አፌን ያዘው፤ በተቻለኝ መጠን "ዩ" የሌለበት ዓረፍተ ነገር እየፈለግኩ አወራቸው ነበር። እሳቸው ዲዳ ነገር መስዬአቸው ለሩቂያ ነበር የሚያወሩት።

ታኅሣሥ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ደጃፉን በቀለማት አምፖል አጥለቀለቀው። እኛ አገር እንዲህ ያለ መብራት የምናውቀው የአብዮት በዓል ሲደርስ አደባባዩ ላይ ነው፤ ያም ቢሆን አምፖሉ ግማሹ አይበራም። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች አሮጌ ካፖርት በካርቶን ሲያመጡልን ከሥር አንድ የተጠቀለለ መብራት አገኘን። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ሩቂያ በመንገዱ በኩል ባለው መስኮት ዙሪያ በሚስማር አሰረችው። የክርስቲያን በዓል ነው እኮ ስላት፣ አምፖሉ መች ሃይማኖት አለው አለችኝ።

ፈረንጆቹ ገናቸውን አክብረው መብራታቸውን ሲያወርዱ ሚስስ ስቴፋ አላወረዱም። ለምን እንደሆነ የገባኝ በእኛው ገና ቀን ወደ ቤታቸው ሲጠሩን ነው። ለካስ የእሳቸውም ገና ከእኛ ጋር አንድ ቀን ነው። ስንዴ ቀቅለው፣ ማርና አንድ ጥቁር ፍሬ ቀላቅለው በጎድጓዳ ሳህን አቀረቡ። ንፍሮ በማር በሉት። እንደቀመስኩ "ይህን እኛም ቤት እንቀቅላለን" አልኩ፤ ካወራኋቸው ሁሉ የመጀመሪያው ረጅም ዓረፍተ ነገር ነበር። ጥምቀታቸውም እንደኛው ነው። በጥምቀት ማግስት መሰላል አቁመው መብራታቸውን አወረዱና እኛንም አውርዱ አሉን።

ሩቂያ እሺ አለች፤ አላወረደችም። ከሳምንት በኋላ ሚስስ ስቴፋ ደረጃውን እያቃሰቱ ወጡ። እስከ የካቲት መብራት የሚሰቅል ሰነፍና ሰካራም ነው፣ ጎረቤት ምን ይለኛል አሉ።

"ዛሬ እኮ በዓል ነው" አለቻቸው ሩቂያ።

"የምን በዓል?"

ሩቂያ ወደ እኔ ዞረች። ቀኑን ቆጠርኩ። እውነትም በእኛ ሃያ አንድ ነበር። "ማርያም ናት" አልኩ።

ሚስስ ስቴፋ አማተቡና ወረዱ። በሌላ ጊዜ ሲመጡ ሚካኤል ሆነ፣ ቀጥሎ ገብርኤል። ቀን የሚጎድል ሲሆን ሩቂያ የራሷን ትጨምራለች፤ መውሊድ ትላለች፣ ዓርብ ራሱ በዓል ነው ትላለች። አንድ ቀን ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆመው "እናንተ አገር ሰው መቼ ነው የሚሠራው?" ብለው ጠየቁ። ሩቂያ ትንሽ አሰበችና፣ ስለዚህ አይደል ተርበን የመጣነው አለቻቸው። አልሳቁም፤ ግን ለጊዜው ተዉን።

እዚህ ላይ ልንገራችሁ፣ መብራቱን ከሚስስ ስቴፋ ይልቅ የጠላሁት እኔ ነበርኩ። የመኝታ ቤቴን መስኮት በብርድ ልብስ ሸፍኜ ነበር የምተኛው። ወንድሜ ታምራት መቻራ ከተማ ያስተምር ነበር። ጓደኞቹ መታሰር ሲጀምሩ ሸሽቶ መጣና ጓዳችን ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ተደበቀ። የተማሪ ዩኒፎርም ለነገ አደርሳለሁ ብዬ ነበርና፣ ከሰዓት እላፊ በኋላ በመስኮቱ ላይ ምንም ሳልጋርድ ኩራዝ ለኮስኩ። ጥበቃዎቹ በዚህ ሰዓት ማን ነው የሚያበራው ብለው አንኳኩ። ታምራት በጓሮ ዘለለ። ወደ ሶማሊያ ሳይሻገር አይቀርም የሚል ወሬ ሰማን፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አልሰማንም። እኔን በእሱ ፋንታ ወሰዱኝ።

ይህን ለሩቂያ ነግሬአት አላውቅም ነበር። መጋቢት ላይ አንድ ምሽት ከሥራ ስገባ መስኮቱ ሲያንጸባርቅ አየሁና መሰኪያውን ነቀልኩት። መልሳ ሰካችው። ነቀልኩት። ያን ጊዜ ነው የነገርኳት። ሩቂያ ገመዱን እንደያዘች ቆማ ሰማችኝ።

"ከሥር ያሉት እኮ አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው" አለችኝ በመጨረሻ። "ቢያንኳኩም ምን ሊሉ ነው? ዛሬ ማን ነው ይላሉ፤ ሚካኤል ነው ትያቸዋለሽ።"

ሳቅ አልመጣልኝም። ግን ገመዱን መልሳ ስትሰካው አልነቀልኩትም።

ያ ክረምት ሳያልቅ፣ ሊመሽ ሲል፣ ከመንገድ ማዶ ጩኸት ሰማን። ሚስስ ስቴፋ ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ የሌላ ሰው በር ላይ ቆመው ከቁልፍ ጋር ይታገላሉ። ባለቤቱ ሰውዬ ፖሊስ እጠራለሁ ይላል። እሳቸው ደግሞ ከቤቴ ምን ታደርጋለህ ይሉታል። ሮጠን ወረድንና ክንዳቸውን ይዘን አመጣናቸው። እጃቸው ጓንት አልነበረውም፤ እንደ እንጨት ደርቋል። ቤታቸው ሲጠፋቸው የመጀመሪያቸው እንዳልነበረ ያወቅነው በማግስቱ፣ ሊያነጋግሩን ሲመጡ ነው።

ደረጃውን ወጥተው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ስለ በረዶው ካወሩ በኋላ "መብራቱን አታውርዱት" አሉ።

"አናወርድም" አለች ሩቂያ።

"ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው" አሉና ወደ እኔ አዩ። "ለልጆቼ እንዳትነግሩ።"

አልነገርንም። ደግ አደረግን ወይስ ክፉ፣ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ መሰኪያውን የምሰካው እኔ ሆንኩ። በጋው መጣ፤ የዚህ አገር በጋ ፀሐይ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አትጠልቅም፤ አምፖሎቹ በፀሐይ ውስጥ ያለ ሥራ ይበራሉ። ጎረቤቱ ሰውዬ ሣሩን እያጨደ፣ ሰፈራችንን ሰርከስ አደረጋችሁት አለን። ሚስስ ስቴፋ ከበረንዳቸው ሆነው "ዛሬ ቅዱስ ሚካኤል ነው፣ ሥራ አቁም" አሉት። ማሽኑን አጥፍቶ ገባ። ሚካኤል ግን አልነበረም።

እንዲህ ሁለት ዓመት ቆየን። ሚስስ ስቴፋ ድስት እሳት ላይ ረስተው ጭሱ ሰፈሩን ሲያዳርስ ልጃቸው ፒተር ከእህቶቹ ጋር መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነበር የገባው። ቤቱ እንደሚሸጥ፣ እናታቸው የአረጋውያን ቤት እንደሚገቡ ነገረን። ከዚያ ወደ መስኮቱ እያየ፣ ቤት ለሚያዩ ሰዎች ስለማያምር ያንን ብታወርዱልኝ አለ። ለምን እንደተሰቀለ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ እሳቸው አጠገቡ ቆመው ነበርና ዘጋሁት። ገመዱን እኔው ራሴ አወረድኩት፤ ሚስማሮቹ አብረው ወጡ።

በሁለተኛው ሳምንት ልንጠይቃቸው ስንሄድ ሩቂያ ገመዱን በቦርሳዋ ይዛ ሄደች። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ነርሷ ቦርሳውን አይታ መብራት እሳት ስለሚያስነሳ ከታኅሣሥ በዓል በቀር እንደማይፈቀድ ተናገረች።

"ዛሬም በዓል ነው" አለች ሩቂያ።

"የምን?"

ሩቂያ እንደ ልማዷ ወደ እኔ ዞረች። ቀኑን ቆጠርኩ፤ ምንም አልነበረም። ብዋሽም ነርሷ አታውቀውም ነበር፤ ግን አልዋሸሁም። ገመዱን በቦርሳ ውስጥ እንዳለ መልሰን ይዘን ወጣን። ከመውጣታችን በፊት ሚስስ ስቴፋ ሩቂያን በአንዷ ልጃቸው ስም ጠሯት፤ እኔን ማን እንደሆንኩ በትሕትና ጠየቁኝ።

አሁን ሌላ ሰፈር፣ ትልቅ ሕንፃ ላይ እንኖራለን። ገመዱ ሳሎናችን መስኮት ላይ ነው፤ ከመንገድ ሆኖ የሚያየው የለም፤ ሰባተኛ ፎቅ ነን። ብርድ ልብሱን አልጋዬ ላይ ነው የምለብሰው።

እናቴን የማገኛት በስልክ ነው። ቀኑን በደብዳቤ አስቀድሜ እነግራታለሁ፤ እሷ ከጠዋት ጀምሮ ስልክ ቤት ሄዳ አግዳሚ ላይ ትጠብቃለች። ታናሽ እህቴ አስቴር ወታደር ባሏን ተከትላ አስመራ ከሄደች ወዲህ ብቻዋን ነው የምትመጣው። ባለፈው ስደውል እንደ ሁልጊዜዋ እየጮኸች ስለ ሩቂያ ጠየቀችኝ፤ አላገባችም ወይ አለች። በረዶው ዘንድሮስ እንዴት ነው አለች። ከዚያ "እኒያ ንፍሮ በማር የሚያበሉሽ ሴትዮስ?" አለችኝ።

ሰው መለየት እንዳቃታቸው፣ የአረጋውያን ቤት እንደገቡ ነገርኳት።

"ምን ቤት?"

"አሮጊቶችና ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ቤት፣ እማ። ሰው ቀጥረው ያስጠብቋቸዋል።"

"ልጅ የላቸውም እንዴ?"

"አሏቸው። ሦስት ልጆች።"

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ጠራኋት።

"አለሁ" አለች። "እኔም ሦስት አሉኝ።"

የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ሰዓታችሁ አልቋል ሲል ከሩቅ ይሰማኛል። እሷ አልዘጋችም፤ እኔም አልዘጋሁም።