ሊሴሎት የፈራችው ሀዲድ

ያን ጊዜ ጌንት ከተማ ውስጥ በብስክሌት የማይሄድ ተማሪ አልነበረም። ዋነስ፣ ሊሴሎትና እኔም ጠዋት ጠዋት ተከታትለን ወደ ምህንድስና ትምህርት ቤታችን እንወርድ ነበር። ሊሴሎት የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ናት፤ ሳቂታ፣ ፈተና የማያስደነግጣት። የትራም ባቡር ሀዲድ የሚያቋርጠው አደባባይ ስንደርስ ግን ዘወትር ትወርድና ብስክሌቷን ትገፋለች።

«ምነው እሜቴ፣ ብስክሌቱን ሽርሽር ይዘሽው ወጣሽ?» ይላታል ዋነስ።

«ጎማው ተንፍሶ ነው» ትላለች። በማግስቱ ደግሞ ሰንሰለቱ ይሆናል።

አንድ ዝናባማ ጠዋት የትራሙ ደወል ከኋላችን ሲጮህ ዞር ብዬ አየኋት። ከንፈሯ ደም አልነበረውም።

በመጨረሻው ዓመት ሦስታችን በጋራ የምንሠራው የመመረቂያ ሥራ ታዘዘልን፤ ስለ ብስክሌተኞች ደኅንነት ሆኖ ርእሱን መምረጥ የኛ ፈንታ ነበር። ዋነስ ሲመሽ በራሱ የሚበራ የኋላ መብራት አቀረበ። መምህራችን ወይዘሮ ፈርሃገ መነጽራቸውን አውልቀው፣

«መብራትማ ገበያው ሞልቶታል። እናንተን ራሳችሁን መንገድ ላይ የሚያስፈራችሁ ምንድን ነው?» አሉ።

ሊሴሎት ዝም ብትል፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረንምና መብራቱ ይጸድቃል፤ እሷም ሰበብ እየፈለገች ትኖራለች። ብትናገር ግን ሐሳቡን ያመጣ ሰው ራሱ ይሞክረው ዘንድ ደንብ ነበርና ሥራው መልሶ ሀዲዱ ላይ ያወጣታል።

«ሀዲዱ» አለች በመጨረሻ። «አምና ጎማዬ የሀዲዱ ቦይ ውስጥ ገብቶ ጣለኝ። ትራሙ የቆመው ጭንቅላቴ አጠገብ ነው። ጎማውም ሰንሰለቱም ምንም አልሆኑም፤ የፈራሁት እኔ ነኝ።»

ዋነስ ይሥቃል ብዬ ተሳቀቅሁ። እሱ ግን ወለል ወለሉን እያየ፣

«እኔም እኮ እዚያ ስደርስ ትንፋሼን ውጬ ነው የማልፈው» አለ።

«ታዲያ እኔ ላይ ምን ያስለፈልፍሃል?»

«ፍርሃት ነዋ! ምን ይሆናል?»

ርእሳችን ሀዲዱ ሆነ። ቦዩን የሚሞላ፣ ትራም ሲያልፍበት የሚሰምጥ፣ የብስክሌት ክብደት ሲያርፍበት ግን የማይሰምጥ ላስቲክ ሠራንና ትራሞቹ በሚያድሩበት ግቢ ዘረጋነው። በሞከርንበት ጠዋት የግቢው ድንጋይ ርሶ ያብለጨልጫል። ሊሴሎት ወደ ሀዲዱ ትመጣለች፤ ጫፉ ላይ ስትደርስ ፍሬን ይዛ ትቆማለች፤ ደግሞ ትመለሳለች።

«እኔ ልሞክረው?» አለ ዋነስ በቀስታ።

«አርፈህ ቁም!»

እንደገና መጣች። የፊተኛው ጎማ ተሻገረ፤ የኋለኛው ወደ ጎን ወዝወዝ ብሎ አለፈ። ከብስክሌቱ ስትወርድ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አለፍሽ እኮ! አለፍሽ!» እያለ ዋነስ ዘለለ።

«ተወኝ እስቲ። የኋላው ጎማ ሲያልፍ ላስቲኩ ሰምጧል፤ ሆዴ ነው የነገረኝ» አለች፤ ዞራ ላስቲኩን እያየች። «ሰው እንዲህ ባለ ነገር ላይ አይሄድም። አውጡትና ጠንከር ያለ እንሥራ። መልሼ እኔው እሄድበታለሁ።»