መጀመሪያ አገርሽን ንገሪኝ

ልጄን ሰሚራን ሳዑዲ፣ ደማም ከተማ ትምህርት ቤት ለማስገባት ለፈተና ወሰድኳት። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ እንግሊዝኛ ላስጠናት አልቻልኩም፤ የምታውቀውን የለቀመችው እዚያው አጠገብ ባለችው ኾባር ከተማ፣ ከምንኖርበት ፎቅ ጎረቤቶች ነው። ከወደቀች ደግሞ ዓመቱን ቤት መዋሏ ነው።

መምህርቷ ስልኳን ከፍ አድርጋ፣ በዓረብኛ፣ «ይሄ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» አለቻት።

ልጄ ስልኩን ትታ የመምህርቷን ፊት ታጠና ጀመር።

«አታውቂውም?»

«አውቀዋለሁ። አንቺ ግን አገርሽ የት ነው?»

ወላሂ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! «አንቺ ልጅ፣ ተይ!» ብዬ ቆነጠጥኳት። እሷ እቴ!

«ፊሊፒኗ ጎረቤታችን ሴልፎን ትለዋለች፣ ኢንዶኔዥያዋ ሃንድፎን፣ ሕንዱ ባለሱቅ ሞባይል። ላንቺ በየትኛው ልንገርሽ?»

መምህርቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይሄን ማን አስተማረሽ?»

ሰሚራ ወደ እኔ ጠቆመች። «እማዬ። የሰው አገር ሳትጠይቂ ወሬ አትጀምሪ ትለኛለች።»

መምህርቷ ሳቀች። «እኔ ሕንድ ነኝ።»

«እንግዲያው ሞባይል ነው!»

«እሑድ ትምህርት ሲጀመር ይዘሻት ነይ፣ ተቀብለናታል» አለችኝ መምህርቷ። ቀጥላም፣ «አንቺስ አገርሽ የት ነው?»

በዚህ ሁሉ ዓመት ቢሮ ገብቼ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን እንጂ አገሬን የጠየቀኝ የለም። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ወሎ!» አልኩ።