ባለሰባት ቀዳዳው ድንጋይ

ውሃው በሰባተኛውም ቀዳዳ ወጣ! ድንጋዩን ተቀብለውታል፤ ዛሬውኑ ይተከላል። ደስ ቢለኝ ከመጨረሻው ጀመርኩት እንጂ ባለጉዳዩ ጎረቤቴ ጋሽ ጉ ሹንፋ ነው።

የሹንፋ አባት ድንጋይ ዘሪ ነበሩ። እዚህ ሱጆ ከተማ ለአትክልት ስፍራ የሚሆን ድንጋይ ይዘራል፤ በመሮ ቀዳዳ ቀዳዳ ያበጁለትና ውሃ እንዲያለሰልሰው ለብዙ ዓመታት ታይ ሐይቅ ውስጥ ያሰጥሙታል። ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው የዘሪው ልጅ ነው። አባትየው «የዘገየው ዝናብ» በሚባለው አትክልት ስፍራ፣ ኩሬው ዳር፣ በሁለት ቋጥኞች መካከል ላለው ክፍተት ብለው አንዱን ሲያሰጥሙ ሹንፋ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ባለፈው ወር በስልሳ ስምንት ዓመቱ አወጣው።

ከዚያ ወዲህ ቁጭ ማለት ብሎ ነገር የለም። ድንጋዩ እስኪፈተሽ በየቀኑ እንደ አገር ጎብኚ ትኬት ይዞ አትክልት ስፍራው ይገባል፤ ዘጠኝ ቦታ የሚታጠፈውን ድልድይ ይሻገራል፣ ክፍተቱ ፊት ይቆማል፣ ተመልሶ ይሻገራል። ባንዲራ የያዘችው አስጎብኚ ሰልችቷት፣ ሰዎቿ ፎቶ በተነሱ ቁጥር እሱ ከመሃል እንደማይጠፋ ነገረችው። ሚስቱ እትዬ ሱዪን ደግሞ በር ላይ ቆማ፣ «ካልተቀበሉህ ለኔ አምጣው፤ ልብስ አሰጣበታለሁ» ትለዋለች። የአባቱ የመጨረሻ ሥራ የልብስ ማስጫ ሊሆን! እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነው።

ዛሬ ጠዋት አብሬው ሄድኩ። የአትክልት ስፍራው ተቆጣጣሪ ሉ ዌንጂን በማንቆርቆሪያ ከድንጋዩ አናት ላይ ውሃ አፈሰሰች። ደንቡ ነው፤ በሁሉም ቀዳዳ ካልወጣ አይተከልም። በስድስቱ ፈሰሰ። ሰባተኛው ደረቅ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው አልተበሳም» አለችው።

«ተበስቷል። ለአባቴ መሮውን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።»

ተንበርክኮ ጣቱን ከተተ፤ ቆፈረ፣ ጎተተ። ጭቃ የጠጣ የገመድ ቁራጭ ወጣ። አባቱ ድንጋዩን ሐይቅ ውስጥ ያወረዱበት ነው፤ መፍታቱን ረስተውታል።

«እሳቸውም እንዳንተ ችኩል ነበሩ፤ መቀመጥ አያውቁም ነበር ማለት ነው» አለች ሉ፣ እንደገና እያፈሰሰች። ውሃው በሰባተኛው ወጥቶ ጫማዬን አረጠበው።

አሁንስ ሹንፋ ቁጭ አለ? የት! የድንጋዩ ፊት ወደ ኩሬው ይሁን፣ የለም ወደ ድልድዩ ይሁን እያለ ሠራተኞቹን ያዞራቸዋል። ሱዪን ገና አልሰማችም። ጠዋት ስንወጣ በረንዳ ላይ ድንጋዩ ላይ የምታስረውን የልብስ ማስጫ ገመድ ስትለካ አይቻታለሁ፤ ሳትቆርጠው ልድረስባት።