ከመንገድ የወጣው ሰው

ስደተኛ በሌሊት ነው የሚወጣው ይባላል። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ አድሬ የወጣሁት ከነጋ በኋላ ነው፤ የምጠብቀው ጨለማውን ሳይሆን ጉሙን ነበርና። የመንዝን የነሐሴ ጉም የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የዘረጋችሁትን እጅ ይውጥባችኋል። በሌሊት መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ይጠረጠራል፤ በጉም ውስጥ የሚሄድ ሰው ግን ዘመሮ ገበያ የሚወርድ ነው። እናቴ በሶውን ቋጥራ፣ የአባቴን የሱፍ ባና አልብሳኝ፣ በር ላይ ቆማ አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ።

«እንዳትሮጥ» አለችኝ። «የሮጠ ይታያል። እንደ ገበያተኛ ቀስ ብለህ ሂድ።»

የምሸሽበትን ላስረዳ። አጎቴ በጓሳ ሣር ጠብ ጎረቤታችንን ገደለ። እሱን መንግሥት ይዞ አሰረው፤ የመንግሥቱ ጉዳይ እዚያ ላይ አለቀ። የደሙ ጉዳይ ግን አላለቀም። ከእኛ ቤት አንድ ወንድ፣ ያውም የተሻለው፣ ይፈለግ ነበር፤ የተማርኩትም፣ ለእናቴ አንድ የሆንኩትም እኔ ነበርኩ። ደም መላሹ ደግሞ የሟቹ ልጅ ታምራት ነው። ታምራትን ባላውቀው ኖሮ ስደቱ በቀለለኝ። ዘመሮ ስንማር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ከአንድ ስልቻ በሶ እየበላን፣ አንድ ባና ለብሰን ያደርን ጓደኛሞች ነን። ፈረስ ሳይኖረን የፈረስ ስም እንኳ ተሰጣጥተን ነበር። እኔን «አባ ጉም» አለኝ፤ ደወል ሲደወል ከየት ብቅ እንደምል አይታወቅም ብሎ።

ደም ያለባቸው ሰዎች አንድ መንገድ አይሄዱም። የገዳይ ወገን የሟችን ወገን ከሩቅ ሲያይ ከመንገድ ወጥቶ ፊቱን ያዞራል፤ ግዴታው ነው። የሟች ወገን ግን ካየ መበቀል አለበት። ልቡ ያልፈቀደ እንደሆነ እሱም ከመንገድ ወጥቶ ፊቱን ያዞራል፣ አላየሁም ለማለት። ይህን አገር ቤት ያላችሁት ሁሉ ታውቃላችሁ፤ የምጽፈው እዚህ በስደት አገር ተወልደው ለሚያነቡት ልጆች ነው።

በዚያ ጠዋት ከቤታችን ቁልቁል እንደወረድኩ ከፊት ለፊቴ የእግር ድምፅ መጣ። ወዲያው ከመንገድ ወጥቼ ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ። ድምፁ ከጀርባዬ ሲደርስ ቆመ። ትንፋሹን ሰማሁት፤ የረጠበ ባናም ሸተተኝ። ብዙ ቆየ። እግሩ ሲሄድ ግን አልሰማሁም። ጨንቆኝ ዞር ስል ጉም ብቻ ነው። ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሱዳንን፣ በረሃውን፣ ባሕሩን ሌሎች ነግረዋችኋል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። ኖርዌይ ስደርስ የጥገኝነት መሥሪያ ቤቷ ሹም በአስተርጓሚ ትጠይቀኝ ጀመር።

«የሚያሳድድዎ ማን ነው? መንግሥት?»

«አይ፣ ጓደኛዬ ነው።»

«ምን አድርገውት?»

«እኔማ ምንም አላደረግኩትም።»

«ታዲያ ለምን ሊገድልዎ ይፈልጋል?»

«አይፈልግም። አለበት እንጂ።»

ሹሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ገዳዩ አጎትዎ ታስረዋል። እርስዎ የሚገደሉበት ምክንያት ምንድን ነው?»

«ከቤታችን የተሻልኩት እኔ ስለሆንኩ ነዋ» አልኳት።

አስተርጓሚዋ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ወንድሜ፣ ጉራ እንዳይመስልብህ» አለችኝ። በመጨረሻ የመኖሪያ ፈቃድ ሰጡኝ። አገርህን ከረገጥክ ግን ፈቃዱ ይሰረዛል ተባልኩ። እንግዲህ ከሞት ተረፍኩ፤ እናቴን ግን እንደ ሞተ ሰው ከሩቅ መናፈቅ ነው።

የተከራየሁት ሼለር ነው፤ ምድር ቤት ማለታቸው ነው። በሩን ከፍተው ሲያናፍሱት ንፋስ እንዳይዘጋው የሚያስደግፉት ትልቅ ድቡልቡል ድንጋይ ደፉ ላይ ተቀምጧል። አከራዬ ወይዘሮ ኢንግሪድ ጨዋ ሴት ናቸው፤ እዚህ አገር ጨዋነት ማለት ዝምታ ነው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው፣ ፊታቸውን አዙረው ያሳልፉኛል። እንደገባሁ ሰሞን ከእሳቸውም ጋር ደም ያለን መስሎኝ ደንግጬ ነበር። አንድ ቀን ብሩንኡስት የሚሉትን ቡናማ አይብ ይዘውልኝ መጡ። አይብ ጣፋጭ ሲሆን ምን ልበላችሁ፤ በእንባ ነው የዋጥኩት። ቤቱን ቃኝተው «ወንበርህን ለምን ወደ በሩ ታዞራለህ? ባሕሩ እኮ በመስኮቱ በኩል ነው» አሉኝ።

«የሚመጣውን ሰው ለማየት።»

«ማን ነው የሚመጣው?»

«እስካሁን ማንም።»

«እንግዳ ካለህ አስቀድመህ አሳውቀኝ፤ ውላችን ላይ ተጽፏል» ብለው ወጡ።

ክረምቱ ገብቶ ፀሐይ ጨርሶ መውጣት ሲያቆም ሰይድ ኮምፒዩተሩን ይዞ እኔ ዘንድ መምጣት ጀመረ። ሰይድ የሸዋሮቢት የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አብረን እናጥባለን። የመጣበትም የኮምፒዩተር ጨዋታ ሊያስተምረኝ ነው። አንድ የድንጋይ ከተማ አለ፣ ገበያ የቆመበት። ገበያተኛው በኮምፒዩተሩ የሚነዳ ነው፤ ከመሃሉ ነፍስ ያላቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው፣ እንደኛው በየአገሩ ቁጭ ብለው የሚጫወቱ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሚገድለው ሰው መልክ ይሰጠዋል፤ እሱን ራሱን የሚገድለው ግን ማን እንደሆነ አይነገረውም። መልኩ ደግሞ ለብዙ ገበያተኛ የታደለ ነው። የእኔኑ ፊት የለበሰ ሰው ዳቦ ሲገዛ አየዋለሁ፤ ማዶ ደግሞ ሌላው እኔ ግድግዳ ተደግፎ ያየኛል። ያለ ድምፅ ቀርበህ መውጋት ነው። የሮጠ ይታያል። እናቴ ያወጣችው ሕግ ነው የሚመስለው።

«ሰው ለመዝናናት ብሎ ይህን ይጫወታል?» አልኩት።

«ወላሂ ከፍለው ነው!» አለኝ።

ማንም ሊያገኘኝ አልቻለም። እኔ እኮ ከአጎቴ ጥፋት በኋላ ገበያ የምሄደው እንዲሁ ነበር፤ ከብት የሚገዛ መስዬ፣ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ። ሰይድ «ነፍስ የሌለህ አንተ ነህ መሰለኝ» እያለ ይስቃል። በየጨዋታው መጨረሻ የተጫዋቾች ስም ይወጣል፤ የኔን ሲያይ ሳቁ ባሰበት። «አባ ጉም» ብዬ ነበር የተመዘገብኩት። «ሰው ወይ ይሸሸጋል ወይ ይፎክራል፤ እናንተ መንዞች ሁለቱንም በአንዴ!» አለኝ። እውነቱን ነው። ስም ምረጥ ሲሉኝ ሌላ ስም አልመጣልኝም፤ ከዘመሮው ክፍል ወዲህ በፍቅር የጠራኝ ሰው የለምና።

አንድ ምሽት ቡናማ ካባ የተከናነበ ሰው ይከተለኝ ጀመር። ነፍስ ያለው መሆኑ በአካሄዱ ገባኝ። በጠባቡ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ገጠመኝ፤ መውጫ አልነበረኝም። እሱ ግን ከመንገዱ ወጣ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስካልፍ ድረስ እንደዚያው ቆመ።

«ሰይድ፣ ይህን የሚያደርግ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«ተበላሽቶ ይሆናል» አለ ሰይድ።

በማግሥቱም መጣ፤ በሳልስቱም። ሌላውን ሁሉ ይወጋል፤ እኔን ሲያይ ከመንገድ ወጥቶ ፊቱን ያዞራል። ስሙ ሲወጣ የተደረደረ ቁጥር ብቻ ነው። እኔ ግን ያ የረጠበ ባና ይሸተኝ ጀመር፣ በዚህ ምድር ቤት፣ ሳሙና ሳሙና በሚሸተው እጄ ላይ። ታምራት ነው። አይደለም። ታምራት ከሆነ የት ሆኖ ነው? ባሕር ማዶ ይሁን ከደረጃው በላይ፣ በምን አውቃለሁ? ሰው ሊገድለው የሚመጣውን ይናፍቃል? እኔ ናፈቅኩት።

የቅዳሜ ዕለት እንደገና ሲመጣ አልሸሸሁም። በጨዋታው ውስጥ ለማኝ ለመምሰል የሚንበረከኩበት ቁልፍ አለ። ያንን ተጭኜ መንገዱ መሃል ተንበረከኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ተነስቼ የበሩን ድንጋይ አምጥቼ ማጅራቴ ላይ ተሸከምኩ፣ በእርቅ ቀን የገዳይ ወገን እንደሚሸከመው። አጎንብሼ የኮምፒዩተሩን መስታወት በግንባሬ በኩል አያለሁ። ሰይድ ሳቁን ተወ። «አላህ ያስታርቃችሁ» አለ በቀስታ።

ባለ ካባው ከራሴ በላይ ቆመ። ቢላዋውን ጠበቅኩ። እንደዚያ ጠዋት ብዙ ቆየ። ከዚያ ሄደ፤ ከመንገዱ ሳይወጣ፣ በዚያው በኔ መንገድ፣ ትከሻዬን ነክቶ። ከዚያ ቀን በኋላ አልተመለሰም።

በነጋታው እሑድ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ታምራት የት ነው?»

«ምነው ዛሬ ስሙን ጠራኸው? ከአገር ከወጣ ሰነበተ፤ የገባበትን እናቱም አታውቅም አሉ።» ቀጠለችና፣ «ዛሬ እኮ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እናቱን አገኘኋት» አለች። «እንደ ልማዴ ከመንገድ ልወጣ ስል፣ ‹ተይው፣ መንገዱ ለሁለታችንም ይበቃል› አትለኝ መሰለህ!»

«ምን አልሻት?»

«ምን እላለሁ፣ እግሬ እንቢ አለኝ። ጎን ለጎን አለፍን ልጄ። ነጠላዋ ነካኝ።»

«እና ልምጣ?»

«ገና ነው። ደሙ የእሱ ነው፤ እሱ አፉን ሳይከፍት ሽማግሌ ምን ያደርጋል?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እዚያ አገር ብታገኘው ግን፣ እንግዲህ ከመንገድ አትውጣ» አለችኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። አላስቀመጠኝም፤ መልሼ ወደ በሩ አዞርኩት። ውጭ ከባሕሩ የተነሳ ጉም ደረጃውን እየወረደ ነው። ለወይዘሮ ኢንግሪድ እንግዳ እንደምጠብቅ፣ እንደ ውላችን፣ አስቀድሜ ነገርኳቸው። በሩን ከፍቼ ድንጋዩን አስደገፍኩት።